ጨረቃ ከልጆቿ ጋር የተሰለፈች ዕለት

ልጅ ሳለሁ እናቴን የማውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። ገና ጡት ስተው ዓረብ አገር ሄዳ፣ አርብ አርብ በአክስቴ ስልክ እየደወለች «የኔ ማር፣ በላሽ ወይ?» ትለኛለች፤ እኔም ባልበላም በልቻለሁ እላታለሁ። ያሳደጉኝ አባባ፣ የእናቴ አባት ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ የማሽላ እርሻ ነበራቸውና፣ ቀን ማማ ላይ ተቀምጠው ወፍ ሲያባርሩ ይውሉና ሲመሻሽ ወርደው እሳት ያያይዛሉ። ተረት የሚጀምሩት ፍሙ ደህና ከቀላ በኋላ ነበር። እኔ ደግሞ አባባ ያሉትን ሁሉ የማምን ልጅ ነበርኩ።

ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን በድንገት «ዘንድሮ ከርከሮው በርትቷል፤ እዚያው እርሻው ላይ እንሰንብት» አሉኝ። ደስ አለኝ። አክስቴ ብርድ ልብሴን ጠቅልላ ስታስይዘኝ ፊቷን አዙራ ነበር፤ ያኔ ግን ቸኩላ ነው ብዬ አለፍኩት።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ከጣርማ በር ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ብቅ አሉ። ከእነሱ በታች፣ ከተራራው ጫፍ ላይ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነች ጨረቃ ነበረች። አባባ እሳቱን ቆስቁሰው ሰምቼው የማላውቀውን ተረት ጀመሩልኝ። ጨረቃ እናት ናት አሉ። ሁለቱ ኮከቦች ልጆቿ ናቸው፤ ልታሳድጋቸው ብላ ሩቅ አገር ሄዳ ነበር፤ አሁን ግን በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋቻቸው ነው። ሦስቱ የተሰለፉ ዕለት መንገደኛ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል።

«እማም?» አልኳቸው።

«እሷም» አሉ ዓይናቸውን እያሹ። ጭሱ ነው ብዬ ጭራሮውን ወደ እኔ ሳብኩላቸው።

በማግስቱ እውነትም ጨረቃዋ ከፍ ብላ፣ ወደ ልጆቿ ቀርባ አየኋት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በዚያው በተራራው በኩል ስለሚወርድ፣ የእያንዳንዱን መኪና መብራት እናቴ ናት እያልኩ ስከተል አመሸሁ። አባባ የጨረቃዋን አካሄድ ሊያሳዩኝ በዱላቸው እያነከሱ እሳቱን ሲዞሩ፣ ሆዴን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

በሦስተኛው ምሽት ተሰለፉ። እንደ ዶቃ ቀጥ ብለው፣ እናት ከነልጆቿ። እናቴ በስልክ «አማረኝ» የምትለኝ ወተት በጉንጬ የሚባለውን ጣፋጭ ማሽላ ነበርና፣ ከእሸቱ ጠብሼ በሻሼ ቋጠርኩ። አባባ መግሪብ ሊሰግዱ ቆሙ። ሶላት ከጀመሩ ምንም ቢመጣ እንደማያቋርጡ ስለማውቅ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁና በእርሻው መሐል ወደ ቤት በረርኩ።

ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተወጥሯል። አምፖል ተሰቅሎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔ እስከዚያን ዕለት ሸራ ያየሁት ሰርግ ቤት ብቻ ነው። ለእማ መቀበያ ያዘጋጁት መሰለኝና ቋጠሮዬን ወደ ላይ ይዤ «እማ የታለች? እሸት አምጥቼላታለሁ!» እያልኩ ገባሁ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናወጠ። አክስቴ ብድግ ብላ «ማነው የለቀቃት?» አለች። ከዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው። ጥጃ ነበርኩ የምለቀቀው? አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው እቅፍ አድርገው «እናትሽን አላህ ወስዷታል፣ ልጄ። እዚያው ታማ» ያሉኝ።

አባባ እያለከለኩ ደረሱ። «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «ነገ ልነግርሽ ነበር፤ ለቅሶው ይብረድ ብዬ» አሉና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሸቱን ማን እንዳነሳው አላስታውስም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦ ነው። መርዶው ለልጅ ከሆነ ደግሞ ለቅሶው እስኪያልፍ ከቤት ያርቁታል። አባባም የልጃቸውን ለቅሶ፣ ተዕዚያውን፣ ትተው እኔን ሊያርቁ ወጡ፤ እዚያ እሳት ዳር የሚያለቅሱት ለብቻቸው ነበር። ይህም ራሴ ወልጄ ሳይ ገብቶኛል። አባባ ታመው ሲተኙም አስታምሜያቸዋለሁ፣ ሲሞቱም አልቅሻለሁ። ይቅር ማለት ግን አቃተኝ። ውሸቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ መሳቄ ነው። እናቴ ሲለቀስላት እኔ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር፤ ያሳቁኝም እያወቁ ነው።

ከለቅሶው ማግስት ጨረቃዋ ልጆቿን አልፋ ሄዳ ነበር። ከአንድ ምሽት በላይ አብራቸው አልቆየችም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰማይ እያዩ የዘሩ ሰው፣ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው ያልነገሩኝ?

በቅርቡ ጨረቃና ሁለት ፕላኔቶች ይሰለፋሉ ተብሎ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ሁሉ አስፋልቱ ዳር ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ወርደው አንጋጠዋል። ልጄ እጄን ጎተተችና «እማ፣ ተረት አላቸው?» አለችኝ።

«የላቸውም» አልኳት። «ግን ነገ ጨረቃዋ አልፋቸው ትሄዳለች።»

ወደ ሰማይ ቀና አለችና «እንግዲያው ዛሬ በደንብ እንያት» አለች።

አባባ እኔን ይህችን አንድ ምሽት እንኳ ነፍገውኛል።