የማሾ ወጥ እንዴት ይሠራል?

«እንዳትገዛ! የውጭ አገሩ ገዢ ትቶታል» አለኝ ዛሬ ጠዋት ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ ከእኔ ገዝቶ ወደ ውጭ የሚልከው የአዲስ አበባው ደንበኛዬ፣ በስልክ።

የቀወቱ ገበሬ ጋሼ ሰይድ ማሾ በአህያ ጭነው ሸዋ ሮቢት፣ መጋዘኔ በር ላይ ቆመዋል። ፊቴን አይተው ገባቸው።

«እንግዲያው እኛው እንብላው። እንዴት ነው የሚሠራው?»

ስንት ዓመት ስነግደው ቀምሼው አላውቅም! ስልኬ ላይ ብፈልግ አንዲት ኬንያዊት በኮኮናት ትሠራዋለች። ኮኮናት በሸዋ ሮቢት!

ለካ ጎረቤታችን ኬንያ ትበላዋለች። ሬዲዮው «አፍሪካ አንድ ገበያ ሆነች» ይለናል፤ ናይሮቢ ያለ የአንድ ገዢ ስልክ የሚሰጠኝ ግን የለም።

እናንተም አካባቢ ሰዉ የማይበላውን አምርቶ የውጭ ገዢ ሲጠብቅ ባሕር ባሕር የሚያይ ካለ ጻፉልኝ። ማሾ ወጥ የምትችሉ ደግሞ ቶሎ በሉ፤ ጋሼ ሰይድ አሁንም ከነአህያቸው ደጄ ናቸው።