እህቴ ወደዚያ አውሮፕላን ስትመለስ

ዜናውን የሰማሁት እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አንድ ባልደረባዬ ስልኩን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «ይኼን አይተኸዋል? አውሮፕላን ወድቋል፤ የእኛው ነው» አለኝ። ጽሑፉን አላነበብኩትም። የራሴን ስልክ ፍለጋ ኪሶቼን ዳበስኩ። ደወልኩላት፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ቡሬ ያሉት አባቴና እናቴ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ልድረስ ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ አቃተኝ። ወርጄ ስንጎራደድ ረዳቱ፣ «መምህር፣ ቦታዎን ሰው ይይዝብዎታል» እያለ ይቆጣኛል። በመቀመጥና በመቆም መካከል እንዳለሁ ጉዞ ጀመርን።

መንገድ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ሌላ አገር አርፋ፣ ስልኳን አጥፍታ ተኝታ ኖሯል። «ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለችና እያለቀሰች የቀረውን ነገረችኝ። አብራት ቤት የተከራየችው ጓደኛዋ በዚያ በረራ ላይ ነበረች። እኔ ግን ይኼን ሳልሰማ «ተመስገን!» ብዬ ጮኼ ነበርና ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ወዲያው አፈርኩ። የእኔ እህት በመትረፏ ስጮህ የሌላው እህት ቀርታለች።

ብዙም ሳትቆይ ቡሬ መጣች። ለጓደኛዋ ቀብር የሚሆን አካል አልተገኘም፤ ያን ብቻ ነገረችን። ቁጭ ማለት ግን አልሆነላትም። የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥባለች፣ ደጁን ትጠርጋለች፣ ወደ ገበያ ልሂድ ትልና ከመንገድ ትመለሳለች።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ደብር ያስተምራሉ። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ ነገርን ግን ከሥሩ ሳይዙ አይለቁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠሯት።

«ልጄ፣ እስቲ አስረጂኝ። ጥፋቱ የነጂው ነው የዕቃው?»

«የዕቃው ነው ይላሉ፣ አባባ። አፍንጫው አካባቢ ያለች አንዲት መለኪያ ተሳስታ ‹አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ቀና ብሏል› አለች። ማሽኑ እሷን አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋዋል። አብራሪዎቹ ያቀኑታል፤ ይደፋዋል። ያቀኑታል፤ ይደፋዋል።»

«ማሽኑ ይህን እንደሚያደርግ አያውቁም ነበር?»

«መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩም አልተነገራቸውም። ሌላ አገር አንዱ ወድቆ ነው የታወቀው።»

አባባ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ከዚህ በፊት ወድቋል?»

«አዎ። ከወራት በፊት።»

«ሠሪው ታዲያ ምን አለ?»

«አብራሪዎቹ አልቻሉበትም የሚሉ ነበሩ። አሁን ስለ እኛዎቹም እንደዚያው የሚሉ አሉ።»

«ሙት ወቃሽ!» አሉ አባባ። «የሞተ መቼም አይከራከር።» ከዚያ ተነሥተው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።

እኔም ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ። ገና ሳልቀመጥ «ቲቸር፣ ለምን ወደቀ?» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ ክንፍ ሣልኩ፤ ነፋሱን በቀስት አመለከትኩ፤ የምትሳሳተዋን መለኪያ በክብ አሳየሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«መለኪያዋ አንዲት ብቻ ናት?»

«ሁለት ናቸው። ማሽኑ ይሰማ የነበረው ግን አንዷን ነው።»

«ለምን?»

ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ይህ የፊዚክስ ጥያቄ አልነበረም። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አንዷ ትበቃለች ብለው ነበር፤ ለልጅቷ ያን እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም። ደወሉ አዳነኝ።

ያ ዓይነት አውሮፕላን በየአገሩ ከበረራ ታገደ፤ እህቴም በሌሎቹ ትሠራ ጀመር። እኛም ጥቂት ተነፈስን። ዓመታት አለፉና ለጥምቀት ቡሬ በመጣች ጊዜ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ፣ «ያ አውሮፕላን ተስተካክሎ ተመልሷል። እኔም ሠልጥኛለሁ፤ እበርበታለሁ» አለች።

እናቴ የያዘችውን ሣህን አስቀመጠች። «ይቅርብሽ። እዚሁ ቡሬ ሱቅ ቢጤ እንከፍትልሻለን። ዳቦ አላጣሽ!»

አባባ ግን ወደ እህቴ ጠጋ ብለው፣ «ማን ተጠየቀ?» አሉ።

«ሠሪው ይቅርታ ብሏል፤ ካሣ ከፍሏልም ይባላል። አለቃቸው ተነሥቷል።»

«ኩባንያ ይቅርታ አለ? ኩባንያ ምን አፍ አለው? እኔ የምጠይቅሽ ስለ ሰው ነው። እያወቀ ዝም ያለው ሰው ወጥቶ ‹እኔ ነኝ› ብሏል?»

«እኔ እስከማውቀው አላለም፣ አባባ።»

«እዚህ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል። የሟች ወገን ፊቱን አይቶ ነው የሚታረቀው። የእነዚህን ፊት ማን አየው?»

እናቴ ተስፋ አግኝታ፣ «እንግዲያ እንዳትሄድ ይገዝቷታ!» አለቻቸው። አባባ አልገዘቱም። እህቴ ራሷ ተናገረች።

«እማዬ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ። እፈራለሁም። ግን እሄዳለሁ።»

ሄደችም። ከዚያ ወዲህ የእኔ ኑሮ ሌላ ሆነ። ባልደረባዬ ስልኬ ላይ አውሮፕላኖች በየት በየት እንደሚበሩ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫነልኝ። የእህቴን በረራ ቁጥር እየጠየቅኩ፣ ፈተና ስፈትን ሳይቀር፣ አውሮፕላኗን የምታሳየውን ቢጫ ምልክት ባሕር ስታቋርጥ እከተላለሁ። ምልክቷ ድንገት ስትቆም ስልኩን አጥፍቼ አበራለሁ። በኋላ አገሩ ታወከ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ኢንተርኔቱም ጠፋ። ኔትወርክ ይመጣበታል የተባለበት ሁሉ ስልኬን ከፍ አድርጌ ስዞር ሰው አብዷል ሳይለኝ አልቀረም። በዚያው ሰሞን በሌላ አገር፣ አንድ አውሮፕላን ሰማይ ላይ እያለ ጎኑ ላይ ያለ መዝጊያ ተገንጥሎ መውደቁን እናቴ በሬዲዮ ሰማች። ሠሪው ያው ነው። ሰው አልሞተም፤ እናቴ ግን ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ስትመጣ ክስት ብላለች። ምን ሆነሽ ብንላት አንድ ቀን የገጠማትን ነገረችን። ሊነሡ ሲሉ በሩን ስትዘጋ፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ አንድ ቦታ ላይ የላላ መሰላት። ለካፒቴኑ ተናገረች። ቴክኒሻን ተጠራ፤ ተሳፋሪው በሙቀት ታፍኖ ጠበቀ። የሙሽራ ዘመድ ነኝ የሚል አንድ ሰው፣ «በአንቺ ሰበብ ሠርግ ሊያመልጠኝ ነው!» ብሎ ጮኸባት። ቴክኒሻኑ ዳሰሰ፣ ለካ፣ አብርቶ አየ። ከሚፈቀደው ልክ አልወጣም አለ። በረሩ። ጓደኞቿ ከዚያ በኋላ «የበር ጠባቂዋ» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር።

«አፈርኩ፣ አባባ» አለች። «ምንም አልነበረም።»

«ምንም አለመሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ሰውየው አይቶት ነዋ።»

«እንግዲያ ያፈርሽበት ምኑ ነው?»

እህቴ ሳቀች። ከልቧ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። እኔም ተከተልኳት። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ስለዚህ የሚላላ ነገር አለው ማለት ነው!» ብላ ተነሥታ ወጣች፤ እንደገና ሳቅን፤ ወዲያውም ሳቃችን ሞተ።

በማግስቱ ባሕር ዳር ደርሳ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረባት። ከባሕር ዳር ወዲህ እስካለችው ዱርቤቴ ድረስ መንገዱ ሰላም ነው የሚል ወሬ ስለመጣ ማልደን ተነሣን። አባባ ቡራኬ ሰጧት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ቀጥሎ በየትኛው ነው የምትሄጂው? በዚያው ነው?»

«አላውቅም፣ እማዬ። እዚያ ስደርስ ነው የማየው።»

እናቴ የእህቴን ቦርሳ አንሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ መናኸሪያው ቀድማን ወጣች።