በኮባ የተጠቀለለው ዲስክ

አሳየሽ የኮምፒዩተሩን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈታች በሻይ ሰሐን ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ካቻቪቴው ጫፉ ስለተበላ አውራ ጣቷን ደግፋ ነው የምታዞረው። ገመዶቹን ከመንቀሏ በፊት በአንዱ ላይ ቀይ፣ በአንዱ ላይ ቢጫ ክር አሰረች። ከየት እንደተነቀሉም በወረቀት ሣለች።

«ሚልክያስ ሰኞ ከአዋሳ ሲመጣ ይሥራው ብትይስ?» አልኳት።

«እማማ፣ እስከ ሰኞ ሥራዬን ልዝጋ? ደግሞ ይሄ ሃርድ ዲስክ በሠራ ቁጥር እየሞተ ነው። ሲንቋቋ አልሰሙትም? ወጥቶ ይረፍ።»

አዲሱን ዲስክ ኮምፒዩተሯን የሚጠግንላት ሚልክያስ በሚኒባስ ልኮላት ነበር። አገባቡንም በስልክ ነገራት። ጊዜው ሚያዝያ 2001 ነው።

አሳየሽ የልጄ የጦና ሚስት ናት። ጦና ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ቤታችን የፊት ክፍል የጽሕፈት ሥራ ትሠራለች። ማመልከቻ፣ ውልና የፈተና ወረቀት ትጽፋለች። ሰው ከጉኑኖና ከቦምቤ ድረስ የሚመጣላት ግን በቀብር ላይ ለሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የጦና ነበር። ሌላ ሰው የጻፈውን አንብባ፣ «ይሄ የማን ነው? የኔን ባል አይመስልም» ብላ ራሷ ጻፈችው።

ሌላው ተወለደ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ዐረፈ ብሎ ይጨርሳል። እሷ ሐዘንተኞቹን አስቀምጣ በወላይትኛ ትጠይቃለች። «ምን ያስቀው ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር?» ከዚያ በአማርኛ ትጽፈዋለች። የጉኑኖው ዳልጮ ሲሞት፣ «ዝናብ ሲመጣ በመጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ እንግዳውን፣ በመጨረሻ ራሱን ያስገባ ነበር» ብላ ጻፈች። ሲነበብ ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ።

ወረቀቱ ከቀብር በኋላ በየኪሱ ይጠፋል። ሌላ ላትምላችሁ ስትላቸው፣ «አንቺ ኮምፒዩተር ውስጥ ካለ ይበቃናል፤ እኛ ቤት አይጥ ይበላዋል» ይሏታል። የሁለት መቶ ሰው ታሪክ በዚያ በሚንቋቋው ዲስክ ውስጥ ብቻ ነበር።

አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «እማማ፣ አቧራ የማይነካው ቦታ ያስቀምጡልኝ። ሚልክያስ ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል።»

እኛ አቧራ እንዳይነካው የምንፈልገውን ሁሉ፣ ቅቤውንም ቆጮውንም፣ የምንጠቀልለው በኮባ ነው። ከጓሮ ለጋ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩ። እንዲለሰልስ በእሳት ላይ አሳለፍኩት። ዲስኩን እንደ ቅቤ ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩና ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ አኖርኩት። ከፊት ክፍሉ፣ «እማማ፣ ተነሣልኝ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። አዲሱ ዲስክ ሠርቷል። ሁለታችንም ያን ቀን ደስ ብሎን ዋልን።

ሰኞ ሚልክያስ መጥቶ ጥቅሉን ፈታ። ቅጠሉ በውስጡ አልቦ፣ ውኃው በዲስኩ ሆድ ላይ ቆሞ ነበር። ብረቱ ላይ ዝገት ጀማምሯል።

«እማማ፣ ቅቤ አደረጉት እኮ!» ብሎ ሳቀ። የአሳየሽን ፊት ሲያይ ግን ጨርቅ አነሣ።

ጠርጎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ሰካው። ያ መንቋቋቱ እንኳ የለም።

«በእርጥበቱ ነው?» አለች አሳየሽ ቀስ ብላ።

«ድሮም ታሞ ነበር። በምን እንደሞተ እኔም አላውቅም» አላት። ወደ እኔ ሳያይ ነው የተናገረው።

እሷ አልተቆጣችኝም። «በምን እንደሚጠቀለል ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የዳልጮ ሚስት ቦልቴ ከጉኑኖ መጣች። የባሏ ሙት ዓመት ደርሶ፣ ያ ጽሑፍ እንደገና እንዲነበብ ፈልጋለች። የሆነውን የነገርኳት እኔ ነኝ።

«እንግዲያ ሰውዬው ሁለቴ ሞተብኝ በይኛ» አለች ቦልቴ።

አሳየሽ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እንደገና ይንገሩኝ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ምን ያስቀው ነበር?»

ቦልቴ ብዙ አሰበች። «የበሬውን አልረሳሁም። የሚያስቀውን ግን ያኔ ነግሬሽ ነበር፤ አሁን ጠፋብኝ» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ከአሳየሽ ነው። ስትተይብ ተሳስታ በጣለቻቸው ወረቀቶች ጀርባ እለማመድ ነበር። እነሱን ገልብጬ ዐሥራ አንድ ገጽ አገኘሁ። የዳልጮ የለበትም። የጦና የመጀመሪያው ገጽ አለ። «ሲቆጣ» ይልና ገጹ ያልቃል። ልጄ ሲቆጣ ምን እንደሚል እኔም አውቃለሁ፤ አሳየሽ እንዴት አድርጋ እንደጻፈችው ነው የጠፋኝ። እሷም እንደገና ልትጽፈው ሞክራ፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትቀመጥና ትነሣለች።

ይህን የምታነቡ የሶዶ፣ የጉኑኖ፣ የቦምቤና የተበላ ከተማ ሰዎች፣ አሳየሽ ለሟቻችሁ ጽፋ እንደሆነ እባካችሁ ሣጥናችሁን ፈትሹ። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡ፤ የለቅሶ ኮታችሁን ኪስ እዩ። ወረቀቱ ቢቀደድም፣ ግማሹ ቢጠፋም አምጡልን። እሷ ተይባው ወዲያው ትመልስላችኋለች። ብቻ አደራ፣ በኮባ አትጠቅልሉት።