ከአጥር ማዶ የመጣ ዓሣ

የድርቡሽ ጦርነት አብቅቶ መንገዱ ሲከፈት አባቴ ሐጅ አድርጎ ወደ አሶሳ ሲመለስ፣ ከመካ ሚስት ይዞ መጣ። ከባሕር ማዶ፣ ከማላይ አገር ለሐጅ መጥታ ወንድሟ እዚያው የሞተባት ሴት ናት። እናቴ በማግስቱ ግቢውን በቀርከሃ አጥር ለሁለት አስከፈለችና «የእሷ ጭስ ለእሷ፣ የኔም ለኔ» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እኔ ምን አለፋችሁ፣ ሆዳም ነበርኩ። ጣውንቷን ኻላ እላት ነበር፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ኻላ ነጋዴዎች ከዓባይ ዳር የሚያመጡትን፣ ጣት እንኳ የማያህለውን ደረቅ ዓሣ በሰሊጥ ዘይት ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ ትጠብሰዋለች። በርበሬውን ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በድንጋይ ፈጭታ፣ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ታቁላላለች። ሁመር ከሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ የተዘፈዘፈ ውሃ ትጨምርበታለች፣ ማር ጠብ ታደርግበታለች፣ መጨረሻ ላይ ዓሣውን ትመልስበታለች። ያቃጥላል፣ ይጎመዝዛል፣ ይጣፍጣል፣ ሁሉም ባንድ ጉርሻ። እበላና እጄን በአመድ አሽቼ ወደ እናቴ ቤት እገባለሁ። አጠገቧ ስቀመጥ ግን እጄን ከነጠላዬ ሥር እደብቅ ነበር። ደግሞ የዓሣ ሽታ በአመድ ይለቃል ያለው ማን ነው?

ከዚያ ታጨሁ። በእኛ ቤተ ዘመድ የሙሽራው ወገን ሴቶች ሊያዩ ሲመጡ፣ ልጅቷ ጓዳ ብቻዋን ገብታ ለገንፎው ማባያ ትሠራለች። እናት ደጅ ከእንግዶቹ ጋር ትቀመጣለች እንጂ እጇን አታስገባም። የሚቀመሰው ግን የእናትየው ሙያ ነው። ማባያው ከተበላሸ «ምን አስተማረቻት?» የምትባለው እሷ ናት።

እናቴ የደረቀ ባሚያ አሠራር ስታስለምደኝ ከረመች። ቀኑ ሲደርስ እሳቱን አበዛሁትና ባሚያው አረረ። ሌላ ባሚያ ቤት ውስጥ የለም። ደጅ ሳቅ ይሰማኛል፣ እናቴ «አሁን ይደርሳል» ትላለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያረረው ባሚያ ሽታ አጥሩን አልፎ ኖሮ፣ በጓዳው በኩል ባለው የቀርከሃ ክፍተት የኻላ እጅ ብቅ አለ። ዓሣው፣ የተፈጨው በርበሬ፣ ሁመሩ፣ ሁሉም በቅል ተደርጎ ነበር። እኔም ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ? እሷ ስትሠራ እንዳየሁት ጠብሼና አቁላልቼ አቀረብኩ።

እንግዶቹ ጠርገው በሉ። የሙሽራው አክስት ጣቷን እየላሰች ወደ እናቴ ዞረችና «እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ማባያ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም» አለች። እናቴ ሽታውን ገና ከጓዳ ስወጣ አውቃዋለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ምርቃቱን ዝም ብላ ብትቀበል ማን ያውቅባታል? እሷ ግን ተነሥታ አጥሩን ዞረችና ጣውንቷን እጇን ይዛ አመጣቻት። እስከዚያ ቀን ነክታት አታውቅም።

«እጁ የእሷ ነው» አለች ለእንግዶቹ። «ልጅቷ ግን የኔ ናት።»

ሴቶቹ ሲሄዱ ይቅር በይኝ ልላት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ይህ ሽታ ካንቺ ላይ ጠፍቶ ያውቃል?» አለች። «ልጄን የሚወስድብኝ ምን ቢሆን ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ለኔ አላስቀረሽልኝም?»

ድስቱ ባዶ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ስበላ አንድ ቀን እንኳ ለእናቴ ጉርሻ ይዤላት አልመጣሁም። አፍሬ የድስቱን ጎን በጣቴ ጠረግሁና ሰጠኋት። ቀመሰች፣ አጣጣመች፣ ዓይኗ በበርበሬው ውሃ ሞላ።

«ጨው አንሶታል» አለችና ድስቱን ራሷ ልታጥበው ተቀበለችኝ።