ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒውተሬ

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ስማር የምኖረው አክስቴ ቤት ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ በጤና ጣቢያ የታካሚ ካርድ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ሰኞ ዕለት መምህራኑ ፊት ስም ጻፍኩና ፈልግ አልኩት፤ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደግሜ ከፈትኩት፣ አሁንም ድርግም! ገምጋሚዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስከ ረቡዕ አስተካክለሽ ነይ፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ! እንባዬን ውጬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዲበገር ልጫን ብዬ ተነሣሁ፤ ፕሮግራምን መስመር በመስመር እያስኬደ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አንድ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ከኢንተርኔት አምጥቶ ይጭነዋል። ጻፍኩ፤ እምቢ አለ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እምቢ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ኮምፒውተሬን አቅፌ፣ ዣንጥላ ይዤ ደጅ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ኔትወርኩን እረግማለሁ።

አክስቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ከዕቃ ጋር ይጣላል?»

«አልጫን አለኝ እኮ እትዬ!»

«ምን ብሎ? እስቲ አንብቢልኝ።»

እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር፤ እኔ ስናደድ አላነብም። «የሚጫነው ነገር ጊዜው ገና አልደረሰም፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን ይቀረዋል ይላል።»

«ስንት ዓመት ማለት ነው?»

«ሰባት ዓመት ከ...» ብዬ ቆምኩ። ወይ ጉዴ! አክስቴ ማኅበራቸው እንዳያልፍባቸው ጠዋት ጠዋት ቀኑን ይጠይቁኛል። እሑድ ዕለት፣ ስክሪኑ ላይ እንዲያዩት ብዬ የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር የቀየርኩት እኔው ነኝ። እሱ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።

«እኔ ነኝ ያስበላሸሁሽ?» አሉ ደንግጠው።

«ኧረ የእኔ ጅልነት ነው!» ሳቄ አላስወራኝም።

ቀኑን መለስኩት፤ ዲበገሩ ወዲያው ተጫነ። መስመር በመስመር ሳስኬደው፣ ለካ ፕሮግራሜ የሚወድቀው የአያት ስም ያልተጻፈበት ካርድ ሲያገኝ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የአያቱን ስም የሚያስመዘግብ መስሎኝ ነበር። ሁለት መስመር ጨመርኩና ሠራ። እልልታዬን ሳቀልጠው አክስቴም ምን እንደተገኘ ሳያውቁ ከጓዳ ተቀበሉኝ።

ረቡዕ ፕሮግራሙ አንዴም ሳይወድቅ ሠራ። ገምጋሚዬ ግን፣ «ታዲያ ሰኞ ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«የእኔ ጥፋት ነበር። ላሳይዎት?» አልኩና ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የተሳሳትኩባትን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ጥፋቴን እንዲያ ደስ ብሎኝ ለሰው አሳይቼ አላውቅም።

«አልፈሻል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመስመሯ ሳይነቅሉ።