ለሰጠመችው መርከብ የመጡ ለቀስተኞች

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር የድሮ መርከቦች ፍቅር ክፉኛ ይዞኝ ነበር። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም! ለባሕር ማዶ ሙዚየሞች ስጽፍ ስጽፍ፣ አንደኛው የታዋቂ መርከቦችን ፎቶግራፍ ከነታሪካቸው በፖስታ ላከልኝ።

በረንዳ ላይ ሳነብ አከራዬ እትዬ አስካለ አዩኝ።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ምን ይላል?»

«የምወዳት መርከብ ሰጥማ ሰዎቿ በሙሉ አለቁ» አልኳቸው። ደረታቸውን ደቅተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ቆጮና ጎመን በየሳህኑ ይገባል። አንዷ ጋቢ አልብሳ አስቀመጠችኝ። ላስረዳ አፌን ስከፍት «አይዞህ፣ አትናገር» ይሉኛል። ጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

በመጨረሻ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ጅግሶ ገቡ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። መቼ ነው የሰጠመችው?»

ከዚህ በላይ አላስቻለኝም።

«ይቅርታ ጋሽ ጅግሶ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው።»

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አሁንስ ከቤት ሊያስወጡኝ ነው ስል፣ ጋሽ ጅግሶ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ መርዶውን የሰማነው ዛሬ ነው» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «በሉ እንጂ፣ አልቅሱላቸው!»