አንድ ሊትር ቤንዚን

የየትኛው አገር መኪና ይሻላል የሚል ክርክር ሲነሳ ሰበብ ፈልጌ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ሰዎች መኪና የማልወድ ይመስላቸዋል። እንደኔ የሚወድ አልነበረም። ነገሩ የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በአንድ የሐምሌ እሁድ፣ መካኒሳ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ክረምት ገብቶ ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ያኔ ንፋስ ስልክ ባለ አንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ መኪና የነበረን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። የኔዋ ከአጎቴ የደረሰችኝ፣ ባለ ሁለት በር፣ ትንሽዬ የጣሊያን ሥሪት ነበረች። ጎረቤቴ ተስፋዬ የሩሲያ መኪና ነበረችው። ከኛ ከፍ ብሎ የሚኖረው ግርማ ደግሞ በዚያው ዓመት ያገለገለች የጃፓን መኪና ገዛ። ሰላማችንን የነሳችን እሷ ናት።

ከሥራ ስንመለስ ጥግ ላይ ካለችው ግሮሰሪ ቁጭ ብለን እንከራከራለን። ግርማ የጃፓን መኪና ኮፈኗ የሚከፈተው ለማየት እንጂ ለመጠገን አይደለም ይለናል። ተስፋዬ ለበረዶ የተሠራች መኪና የመካኒሳ ጭቃ አያስፈራትም ባይ ነው፤ ወጥቶ ብረቷን በቡጢ እየመታ እናንተ የምትነዱት ቆርቆሮ ነው ይለናል። እኔ ደግሞ መለዋወጫ በየመንገዱ የሚገኘው፣ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ የሚገጥመው የጣሊያኑን ነው እላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የምመካው በቤንዚን ቁጠባዋ ነበር። የኔዋ ሽታው ብቻ ይበቃታል እያልኩ ስንቱን አሳምኛለሁ።

ውሸቴን ነው። ካርቡራተሯ አርጅቶ እንደ ሰካራም ትጠጣ ነበር። ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ወሬው ሲሰለቸን ግርማ በተግባር ይታይ አለ። እሁድ ከሰዓት የሦስታችንም ቤንዚን ተስቦ ይወጣል። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሊትር ይሰጠናል። ከዚያ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ መኪናው እስኪቆም ድረስ መንዳት ነው። ለቡ ያኔ እርሻ ስለነበር መንገዱ ላይ የሚያስቸግር አልነበረም። ርቆ የሄደ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ሁለተኛ ስለ መኪና አያወራም።

ዳኛ አድርገን የመረጥነው ሻምበል ወርቁን ነው። ጡረታ የወጡ፣ ነገር ማጣመም የማይወዱ ሰው ናቸው። አንዳችን ሌላችንን ስለማናምን የተቀዳው ቤንዚን በሙሉ እሳቸው ዕቃ ቤት ገብቶ ይቆለፍ ተባለ። እሳቸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ለመመለሻ የሚሆነንን አንድ ጀሪካን ይዘው፣ ከመጀመሪያው መኪና ጋር ይሄዳሉ። ዕጣ ስናወጣ ግርማ አንደኛ፣ ተስፋዬ ሁለተኛ፣ እኔ መጨረሻ ሆንኩ። በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት ይኖራል። መጨረሻ መሆኔ ደስ አለኝ።

ለምን ደስ እንዳለኝ ልናገር። ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ ከመኪናዬ ቤንዚን በጎማ ስቤ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልቼ ነበር። ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ጨምሬ ልነሳ ነው። ጠርሙሱን የደበቅኩት ጓሮ፣ ኩሽናው አጠገብ ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ነበር። ክዳን አላገኘሁም፤ ወረቀት ጠቅልዬ ወተፍኩበት።

ግርማና ሻምበል ሄዱ። ተስፋዬ ተከተለ። እኔ በር ላይ ቆሜ መስታወት እየወለወልኩ ሰፈሩ ጭር እስኪል ጠበቅኩ። ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ ገባ። ጠርሙሱን ላመጣ ወደ ጓሮ ስዞር የባለቤቴን የአልማዝን ጩኸት ሰማሁ።

ማህሌት የሦስት ዓመት ልጃችን ናት። በርሜሉ ሥር ቁጭ ብላ ታስላለች። ጠርሙሱ አጠገቧ ተጋድሟል፤ የቀረው ቤንዚን ቀሚሷ ላይና መሬቱ ላይ ፈሷል። ከንፈሯ ነጥቷል። አልማዝ አፏን እያሸተተች "ይሄን እዚህ ማን አመጣው?" ትላለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ማህሌትን ከመሬት አነሳኋት።

እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው ወተት ይዘው ሮጠው መጡ። ወተቱ ያስወጣላታል አሉ። እኛም ያደግነው ይህንኑ ስንሰማ ነውና አፏን ከፍተን አጠጣናት። አስመለሳት። ከዚያ በኋላ ሳሏ ባሰ፤ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ዓይኗን ትከድናለች፤ ስትጠራ ትከፍታለች፤ መልሳ ትከድናለች።

እሁድ ስለሆነ ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። ያለው አማራጭ መሃል ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው። መኪናዬ ውስጥ ያለው ግን አንድ ሊትር ብቻ ነው፤ የምትጠጣውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ወደ ሻምበል ዕቃ ቤት ሮጬ በሩን በእግሬ መታሁት። የብረት በር ነው፤ ቁልፉ ለቡ መንገድ ላይ ነው። የሦስት መኪና ቤንዚን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ደጁ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ አልማዝንና ልጅቷን ኋላ ወንበር ላይ አድርጌ ተነሳሁ።

ዝናቡ መንገዱን ጋርዶታል። አልማዝ ከኋላ "ማህሌት፣ ማህሌት" ትላለች፤ ስሟን መጥራት ባቆመች ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። ታክሲ ካገኘሁ አስቆማለሁ ብዬ ባይ አንድም የለም። የመካኒሳን ድልድይ አልፈን ወደ ሳር ቤት የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንቋረረና ጠፋ።

ቁልፉን ባዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮኻል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ምን እንደሆነ ገባኝ። ቤንዚኗ ገና አላለቀችም። ትንሽ ስለሆነች ዳገቱ ላይ በቋቱ ውስጥ ወደ ኋላ ሸሽታ ከመሳቢያው ቱቦ ርቃ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ብትወጣ ትነሳለች። ስንት ሳምንት ሙሉ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ስንፈላሰፍ ይህን ያሰበ ማንም አልነበረም። ወርጄ ብቻዬን ገፋሁ። ተንቀሳቅሳ ተመልሳ መጣችብኝ። እግሬ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጉልበቴ ወደቅኩ። እንደዚያን ቀን ሰማይ ተደፍቶብኝ አያውቅም።

ቀና ስል ከላይ ብዙ ሰው ሲመጣ አየሁ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ጃንጥላ የያዙ። ከቀብር የሚመለሱ ናቸው። አልማዝም አየቻቸው። ማህሌትን በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ውስጥ ቀበረቻት። "እነሱን አትጥራ፤ የቀባሪ እጅ እንዳይነካን" አለችኝ። እኔም ገዴን አልወደድኩትም፤ ግን ሌላ ሰው የለም። አፌን ከፍቼ የጠራኋቸው ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም። ልጄ፣ ልጄ ብዬ ይመስለኛል።

ጃንጥላቸውን እየጣሉ መጡ። ሴቶች ሳይቀሩ ኋላውን ያዙ። አንድ ጋቢ ያዘቀዘቀ፣ ዓይኑ የደረቀ፣ ቀጭን ሰው ከፊታቸው ነበር። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ ማህሌትን አያት። ከዚያ ሄዶ ኋላ ኮፈኑን በትከሻው ደገፈ። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው "ዘለቀ፣ አንተ ተው፣ አንተ አትግፋ" አሉት።

"ተዉኝ" አለ። "ይቺ እንኳ ትድረስ።"

ያን ጊዜ ነው የሐዘኑ ባለቤት እሱ መሆኑን ያወቅኩት። አልማዝ ከኋላ ወንበር እየዬዋን ለቀቀችው።

ገፏት። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ ከመሬት ያነሷት ያህል ሄደች። የተስፋዬ ብረት ቢሆን ኖሮ ከቦታው ባልተነቃነቀ። ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሲስተካከል ቁልፉን አዞርኩ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች፤ በሦስተኛው ተነሳች። ለማመስገን አላቆምኩም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ሰዎቹ መንገድ መሃል ቆመው ነበር።

ሆስፒታሉ በር ውስጥ ስገባ ሞተሩ እንደገና ጠፋ። መኪናዋን እዚያው ጥያት ማህሌትን አቅፌ ሮጥኩ።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም የጠጣችው ምን እንደሆነ ጠየቀችን። ቤንዚን አልኩ። ወተት መስጠታችንን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። በማስታወክ ጊዜ ቤንዚኑ ወደ ሳንባ እንደሚገባ፣ ጉዳቱም ያ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ልጅቷን ወስደው ኦክሲጅን አደረጉላት። በሩ ሲዘጋ አልማዝ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሲመሽ ሻምበል፣ ግርማና ተስፋዬ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። ሻምበል አልማዝ እግር ሥር ተደፉ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቤንዚኑን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አንድ ጠርሙስ አመለጠኝ" አሉ። እኒያን የሚያህሉ ሰው በኔ ኃጢአት ሲያለቅሱ ማየት አልቻልኩም። ጠርሙሱ የኔ መሆኑን፣ ለምን እንደደበቅኩትም ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ግርማ ዞር አለ። አልማዝ ለረጅም ጊዜ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ በኋላ ለወራት ከግድ ቃል በቀር አላናገረችኝም። አልፈረድኩባትም።

ማህሌት ሦስት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየች። በአራተኛው ቀን ውሃ ጠየቀች። ሐኪሟ ትተርፋለች ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ሰው ነው። ወደ መካኒሳ ተመልሼ ዘለቀ የሚባል፣ እሁድ ቀብር የነበረበት ሰው እያልኩ ጠየቅኩ። ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አናጢ ነበር። ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሏል።

ገብቼ እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሞተው የሰባት ዓመት ወንድ ልጁ መሆኑን ጎኔ የተቀመጡት ነገሩኝ። ትኩሳት ነበር፤ ሐሙስ ማታ ባሰበት፤ በማግስቱ በጀርባ አዝለው ወሰዱት፤ ረፍዶ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ አረፈ።

ዘለቀ ወደ እኔ ዞረና "ደረሰች?" አለኝ።

"ደረሰች" አልኩ። "ተርፋለች።"

"ተመስገን" አለ። ከልቡ ነበር ያለው። እጁን ይዤ ውለታውን መናገር ስጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቋረጠኝ።

"ሐሙስ ዕለት ቤትህ መጥቼ ነበር።"

ያን ጊዜ አስታወስኩ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ካርቡራተሩን ጠረጴዛ ላይ በትኜ ለእሁዱ ውድድር ሳጥብ፣ በር ተንኳኳ። ዝናብ ስለነበር ሳልከፍት ከውስጥ ሆኜ ማነው አልኩ። ልጅ ታሞብኝ መኪና ፈልጌ ነው አለ። መኪናዋ ተፈታለች፣ ወደ ላይ እነ ግርማ ጋ ሞክር አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተፈታለች። ለመግጠም የሚፈጅብኝ ግማሽ ሰዓት ነበር። ማን ታመመ፣ ምን ሆነ አላልኩም። ግርማም ጎማዋ እንዳይጎዳ ብሎ መኪናዋን ድንጋይ ላይ እንዳስቀመጣት በኋላ ሰማሁ። ተስፋዬ መኪናዋን ደጁ አቁሞ ወጥቶ ነበር። ሦስት አገሮች ያመረቷቸው ሦስት መኪኖች በአንድ መንገድ ላይ ቆመው ሰውየው ልጁን ሳያሳክም አደረ።

"ዳገቱ ላይ አውቀኸኝ ነበር?" አልኩት።

"አንተንማ ሐሙስ አላየሁህም፤ በር አልከፈትክም" አለ። "መኪናዋን ግን አውቄያታለሁ።"

ሴቶቹን ጠርቶ ለእኔ ምግብ እንዲያቀርቡ ነገራቸው። በሐዘን ቤት እምቢ አይባልምና ጎረስኩ።

መኪናዋን በዚያው ክረምት ሸጥኳት። በኋላ ሌላ ገዛሁ፤ የየት አገር እንደሆነች ለማንም አላወራም። ቤንዚኗ ከግማሽ በታች ወርዶ አያውቅም። ሌሊትም ሆነ ቀን በሬን ያንኳኳ ሰው ሳልከፍትለት መልሼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ደግ ሰው ሆኛለሁ ለማለት አይደለም። አንዱም ለዘለቀ አይደርስም።

ማህሌት ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። ልደቷ በመጣ ቁጥር ሁሉም ስንት ሞላት ሲል እኔ በሆዴ የሱን ልጅ ዕድሜ አሰላለሁ። ሁልጊዜ በአራት ዓመት ይበልጣታል።